የ12 ደቂቃ የማጂክ ትርኢት ከቤት ወደ አዳራሽ ሲወጣ፦ ስድስት ሳምንት ምን ላይ ይዋል?

ቀይመሃረብ
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሮግራሙ ይህ ነው፦ ገመድ ቆርጦ መቀጠል 3 ደቂቃ፣ ከተመልካች አንድ ሰው አውጥቶ በመጫወቻ ካርታ 4 ደቂቃ፣ እርስ በርስ የሚያያዙትና የሚላቀቁት ትልልቅ የብረት ቀለበቶች 4 ደቂቃ፣ መዝጊያው በሐር መሃረብ 1 ደቂቃ። ቦታው 200 ሰው የሚይዝ የሰርግ አዳራሽ ነው። መድረኩ ከወለሉ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ከኋላ መጋረጃ የለም፣ የሙሽሮቹ ዲኮር ብቻ ነው ያለው። የእጁ ሥራ መስታወት ፊት ንጹሕ ነው። ስድስት ሳምንት ቀርቷል። ጊዜው ምን ላይ ይዋል? ከውጭ ዕቃ ማዘዝ አይታሰብም፣ ባለው ነው።

ባዶእጅ
መጀመሪያ መስታወቱን ጨርቅ አልብሰው። መስታወት ለመጀመሪያው ወር ጥሩ ነው፣ የጣት አቀማመጥ ያርማል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ክፉ ልማድ ያወርሳል። አንደኛው፣ ዓይንህ ከእጅህ አይነቀልም። ተመልካች የሚያየው አንተ የምታየውን ስለሆነ ዓይንህ ስውሩ ሥራ ላይ ካረፈ 200 ሰው ወደዚያው ይዞራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ስውሯ እንቅስቃሴ ልትደርስ ስትል ሳታውቀው ዓይንህን ትጨፍናለህ። የምታታልለው ራስህን ስለሆነ መስታወቱ ውስጥ ሁሌም ንጹሕ ይመስልሃል።

በስልክ ቅዳ፣ የስልኩ ከፍታ ግን በግምት አይሁን። የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለል 1 ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ነው። መድረክህ 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የፊተኛው ረድፍ ዓይን ከጫማህ መርገጫ በ40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይበልጣል፤ ከጉልበትህ በታች ማለት ነው። መዳፍህን ከሥር ያያል፣ የጠረጴዛህን ጠርዝ ከሥር ያያል፣ የኮትህን ገበር ያያል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስልኩን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው በርጩማ ላይ፣ ከአንተ 3 ሜትር አርቀህ አስቀምጠው። አንድ ቀን ከፊት፣ አንድ ቀን ከግራ ጥግ፣ አንድ ቀን ከቀኝ ጥግ።

የቀዳኸውን ሁለት ጊዜ እየው፦ አንዴ ድምፁን አጥፍተህ፣ አንዴ ስልኩን ደፍተህ ድምፁን ብቻ። ድምፅ አልባው እጅህ የት እንደሚጣደፍ ያሳይሃል። ድምፁ ላይ ደግሞ «እንግዲህ» እና «እሺ» ያልክበትን ቁጠር። ንግግርህ የሚደናቀፈው እጅህ በሚሠራበት ሰከንድ ነው፤ ጆሮ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይይዝሃል።

የገመድሰው
ስለ ገመዱ አልተናገርክም። ናይለን ከሆነ ከአሁኑ ጣለው። ያብረቀርቃል፣ ይደርቃል፣ እጥፋቱ እንደ ሽቦ ይቆማል፣ ሲቆረጥ ጫፉ ወዲያው ይበተናል። የሚፈለገው የተሸረበ የጥጥ ገመድ ነው፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ቀለሙ ነጭ።

የጥጥ ገመድ ከሽሩቡ ውስጥ ልብ አለው፣ ማለትም መሃሉን የሞላ ክር። ያ ልብ ይወጣል። አንዱን ጫፍ በንጹሕ ቁረጥ፣ ሽሩቡን በጥፍርህ ከፍተህ ልቡን ለይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስበህ አውጣና የበር እጀታ ላይ እሰረው። ከዚያ ሽሩቡን በእጅህ ወደ ኋላ እየሰበሰብክ፣ የተሰበሰበውን ደግሞ እየለቀቅህ፣ ሜትር በሜትር ግፋው። አትቸኩል። በአንዴ ከጎተትከው ልቡ መሃል ላይ ይበጠስና ገመዱ ግማሹ ልስልስ ግማሹ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ቁራጭ ለመድረክ አይሆንም። ልቡ የወጣለት ገመድ እጅ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ይወድቃል፣ ቋጠሮውም ትንሽ ይሆናል።

ለሥራ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ቁረጥ። ጫፎቹን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ ኮላ ውስጥ ነክረህ አሳድር። ኮላው ሲበዛ ጫፉ ይጠጥርና በመብራት ሥር ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ እና በጣትህ ጭመቀው። ገመዱን አትቋጥረው፣ አትጠፈው፤ በሰፊው ጠቅልለህ አስቀምጥ።

የመጠኑን ሒሳብ ሥራ። አንድ ጊዜ ሲቆረጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይባክናል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለቴ የምር ከቆረጥክ በስድስት ሳምንት 60 ጊዜ ነው፣ 9 ሜትር ማለት ነው። የመድረኩንና የመጠባበቂያውን ጨምረህ 15 ሜትር ግዛ። «ሳልቆርጥ እለማመዳለሁ» አትበል። መቀስ ሲገባ ገመዱ የሚይዘውን ክብደትና የሚዘልበትን አቅጣጫ እጅህ ካላወቀው መድረክ ላይ ነው የሚደነግጠው።

ቀይመሃረብ
ገመዱ የጥጥ ነው፣ ልቡ ግን አልወጣም ነበር። ገባኝ። መቀሱ የቤት መቀስ ነው።

የገመድሰው
የልብስ ሰፊ መቀስ ያዝ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው። ልቡ የወጣ ገመድ ስለሚጨማደድ፣ ቡሎኑ የላላ መቀስ ሳይቆርጥ በሁለቱ ስለት መሃል ያጥፈዋል። ቡሎኑን አጥብቅ፣ በጫፉ ሳይሆን በስለቱ መሃል ቁረጥ፣ ዋዜማው ላይ በዚያው ገመድ አሥር ጊዜ ሞክረው። ከአሥሩ አንዱ ሁለተኛ ንክሻ ከጠየቀ መቀሱ ወደ ሞረድ ይሂድ።

መብራትናድምፅ
እናንተ ስለ ገመድ ስታወሩ ትርኢቱን የሚገድለው ማይኩ ነው። የሰርግ አዳራሽ የሚሰጥህ የእጅ ማይክ ነው፤ ያዝከው ማለት አንድ እጅ አጣህ ማለት ነው። ቀለበትና ገመድ በአንድ እጅ አይሠራም። መፍትሔው በቅደም ተከተል፦ ጆሮ ላይ የሚታሰር ማይክ ካለ እሱ፤ ከሌለ የማይክ መቆሚያ፣ በአገጭህ ልክ ሳይሆን ከአገጭህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ያዘነበለ። ፊትህ ላይ ከቆመ እጅህን ይከልላል፣ ቀለበቱም ይመታዋል። ደረት ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ለአንተ ፕሮግራም አይሆንም። ገመዱና መሃረቡ ሲነኩት ስፒከሩ ላይ እንደ ነጎድጓድ ይወጣል፣ ኮትህ ውስጥ የምትሠራው ነገር ካለም ድምፁን አሳልፎ ይሰጥሃል።

የማይክ መቆሚያ ከሆነ ግን ቦታህ ተቸነከረ ማለት ነው። ቤት ውስጥ መጥረጊያ አቁመህ፣ ከእሱ ከአንድ ክንድ ሳትርቅ ተለማመድ። ይህን ሳያደርጉ የሚወጡ ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሉና ንግግራቸው ለ150 ሰው ይጠፋል።

ሙዚቃውን ለዲጄው በፍላሽ ስጠው፣ ስልክህም ላይ ይኑር፣ ስልኩም ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ፋይል ይሁን፣ ስሙም «1 ገመድ»፣ «2 ቀለበት» ተብሎ ይጻፍ። ምልክቱን በቃል አትስጠው። «ይህን ስል አስነሣ» ካልከው ያችን ቃል አይሰማትም። «ገመዱን ወደ ላይ ስወረውር» በለው፤ ዓይኑ መድረክ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ መብራት። ከኋላህ የሙሽሮቹ ዲኮር አለ ብለሃል፣ የዲኮሩ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ ተመልካች የሚያበራ ነው። ከኋላ የሚመጣ መብራት መሃረቡን አሳልፎ ያሳያል፤ በመዳፍህ የያዝከው ነገር በጣቶችህ መሃል ጥላ ሆኖ ይወጣል። በሰዓቱ እንዲያጠፉልህ ተስማማ፣ ካልሆነ ከዲኮሩ 2 ሜትር ወደ ፊት ውጣ። ከኋላህ ያለው ጥቁር ከሆነና ኮትህም ጥቁር ከሆነ፣ የሸሚዝህ ነጭ እጅጌ ከኮቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ያለሱ እጅህ ከሩቅ አይታይም። ሰማያዊ መብራት ሥር አረንጓዴና ጥቁር ቀይ መሃረብ ይሞታል፣ ነጭ ይሻላል።

እና ዋናው፦ ቪድዮ ቀራጩ። የሰርግ ካሜራማን ፈቃድ አይጠይቅም። በአራተኛው ደቂቃ ከጎንህ ወጥቶ፣ ካሜራው ላይ ያለውን መብራት ከኋላ ያበራብሃል። ያኔ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ቪድዮ ላይ ይገባል፣ ቪድዮውም በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ነው። ቀድመህ አግኘው፣ «ምርጡ ምስል ከዚህ ነው» ብለህ ከፊት መሃል ላይ ቦታ ስጠው፤ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት አድርግለት። ክልከላ ከሚመስል ነገር ይልቅ ሙያውን የሚያከብር ንግግር ይሠራል።

ሦስተኛረድፍ
የካርታው ክፍል ላይ ነው የእኔ ጥያቄ። ተራ ካርታ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው። ከአራተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ሰው ነጭ ወረቀት ነው የሚያየው። አራት ደቂቃ ሙሉ ለ40 ሰው ትሠራና 160ው ወደ ወሬው ይመለሳል። ወይ ትልቁን ካርታ ተጠቀም፣ ወይ ምርጫው በተራ ካርታ ይሁንና መልሱ በኤ3 ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ተጽፎ ይውጣ።

ከተመልካች የሚወጣውን ሰው በተመለከተ ደግሞ፣ እዚህ መድረክ ላይ ማንም ያልጻፈው ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ቪድዮ የተማረ ልጅ በአማርኛ ሲሠራ የመጀመሪያው ስሕተት አጠራር ነው። ሰርግ ላይ የምታወጣው ሰው በዕድሜ ከፍ ካለ «እርስዎ» ነው፣ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ነው፤ በእሱ ላይ የሚቀለድ ቀልድ የለም። እጁን ይዘህ አትጎትት፤ ወደ ደረጃው ወርደህ ተቀበለው። ወጣት ከሆነ «አንተ» ይሁን፣ ቀልዱም እንደ ልብ። ቀልድ የተደረገባቸው የሙሽራዋ አባት ከሆኑ ግን አዳራሹ ይቀዘቅዝብሃል፣ ቀለበቱም አያሞቀውም።

አቋቋሙ፦ ሰውየው በግራህ፣ ፊቱ ወደ ተመልካች፣ ከአንተ አንድ ክንድ ይራቅ። ከኋላህ ከቆመ እሱ ራሱ አደገኛው አንግል ነው። ትእዛዙ አንድ በአንድ ይሁን። «ካርታ ይምረጡ፣ ያስታውሱት፣ መልሰው ይክተቱት» በአንድ ትንፋሽ ካልክ ሁለተኛው ይጠፋል። ካርታ የማይጫወት ሰው ቁጥሩን እንጂ ምልክቱን አይዝም። ስለዚህ ሁሌም «ለአዳራሹ ያሳዩልኝ፣ እኔ ዞሬያለሁ» በል። ሰውየው ቢረሳ እንኳ አዳራሹ ያስታውሳል፣ አንተም ወጣህ ማለት ነው።

ሌላው መክፈቻህ ነው። «አስማት» የሚለው ቃል ለብዙ ታዳሚ ጥንቆላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች «የምታዩት የእጅ ቅልጥፍናና የዓይን ጨዋታ ነው» ብትል የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት አባቶች ይረጋጋሉ፣ ግርምቱም አይቀንስም። በእስራኤልም በአሜሪካም ለእኛ ሰው የሚሠሩ ልጆች ይህን ሊዘነጉት አይገባም፤ ሕፃናቱ ስለማያስቡት የአዋቂውን ፊት እዩ።

ባዶእጅ
ስለ ካርታው ትክክል ነሽ እህቴ። እኔ እንዲያውም ካርታው ይውጣ እላለሁ። 12 ደቂቃ ለሰርግ ረዥም ነው። የዓለም አቀፉ የማጂክ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ፊዝም የሚሉት፣ በውድድሩ ላይ ለመድረክ ትርኢት የሚሰጠው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ ያ ደግሞ ሊያይ መጥቶ የተቀመጠ ታዳሚ ነው።

ሦስተኛረድፍ
አይውጣ። ያለ ሰው የሚሠራ ትርኢት ለሰርግ ደረቅ ነው። ቀለበቱ ከ4 ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይውረድ።

መብራትናድምፅ
ማን ይውጣ የሚለውን አስቀድማችሁ አትወስኑ፣ የመድረክ መሪው ነው የሚወስንላችሁ። «12 ደቂቃ» የተባለው ፕሮግራም ኬክ ሲዘገይ 6 ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ቅርጽ ይዘጋጅ፦ 12፣ 8 እና 5 ደቂቃ። በሦስቱም የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን፣ የሚወጣው መሃሉ ነው። የ5 ደቂቃው ገመድና መሃረብ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቅርጽ በሙዚቃው ቢያንስ አምስት ጊዜ ሙሉ አሂደው። መድረክ ላይ ቆሞ የሚቆርጥ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ይረሳዋል፣ ያ ዕቃ ደግሞ በመዝጊያው ሰዓት ቦታ ይይዝበታል።

ጓንት
ልምምድና ሙሉ ልምምድ አንድ አይደሉም። ልምምድ አንዲትን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ማረም ነው፣ ሲበላሽ ቆም ትላለህ። ሙሉ ልምምድ ውስጥ ማቆም የለም። ገመዱ ቢወድቅ አንሥተህ ትቀጥላለህ፣ ምን እንደምትልም ያኔ ነው የሚገኘው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ማቆም ይቁም። ልብሱም የዕለቱ ልብስ ይሁን፣ ጫማውም። ቲሸርት ለብሶ የተለማመደ እጅ ኮት ሲለብስ ክርኑ ላይ ይያዛል፣ ኪሱም 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይልበታል። የማጂክ ባለሙያው ካርዲኒ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ በብርድ ጓንት አድርጎ ካርታ ስለተለማመደ ኋላ በመድረክ ጓንቱን ሳያወልቅ ካርታ ያፈልቅ ነበር ይባላል። በማምለጥ ትርኢቱ የታወቀው ሁዲኒም ለውኃ ውስጥ ማምለጫው ትንፋሽ መያዝን ቤቱ ባስገባው ትልቅ የመታጠቢያ ገንዳ ነበር የሚለማመደው።

የእጅ መንቀጥቀጥን ደግሞ በምክር አታስወግደውም። ደም ሲሮጥ መጀመሪያ የሚከዳው የጣት ጫፍ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሮጠህ ውጣና በ10 ሰከንድ ውስጥ ትርኢቱን ጀምር። በዚያ ትንፋሽ ያልሠራች እንቅስቃሴ መድረክ ላይም አትሠራም፤ በጣት ጫፍ የነበረችውን በሙሉ መዳፍ በምትሠራው ቀይራት። ቡናውን ከትርኢቱ በፊት ላሉት አራትና አምስት ሰዓታት ተው።

ምግቡንም። ሰርግ ቤት «ቅመስ» ሳይባል የሚቀር የለም፣ ወጡ ደግሞ ቅቤ ነው። ቅቤ የነካ ጣት ካርታውን ያጣብቀዋል፣ ቀለበቱ ላይ በመብራት የሚታይ አሻራ ይተዋል፣ ሐሩን ያበላሸዋል። «ከጨረስኩ በኋላ እበላለሁ» በልና ሳህኑን አስቀምጥ። ከነካህም በሳሙናና በሎሚ ታጠብ፣ ቀለበቶቹን በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ።

ኮርኒሽ
ከባሕረ ሰላጤው አገር ለሚሠሩ አንድ ነገር። ውጭው እርጥብ፣ አዳራሹ ኤሲ ነው። ካርታው ከመኪና እንደወጣ እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ እንደ ቅጠል ይጎብጣል። አንድ ሰዓት ቀድሞ አዳራሹ ውስጥ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይም ክብደት ያለው ነገር ይጫንበት። በተቃራኒው ደረቅ አየር ባለበት ከተማ እጅ ይንሸራተታል። ግሊሰሪን ትርኢቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ጠብታ ብቻ።

ባዶእጅ
ወደ እጁ ልመለስና፦ ስውሯን እንቅስቃሴ በፍጥነት አትደብቃት። ፍጥነት ራሱ ምልክት ነው። ስፔናዊው የማጂክ ባለሙያ አስካኒዮ ያስተማረው ይህን ነው፦ ስውሩ ሥራ ወደ ሌላ ትልቅ ሥራ በሚኬድበት መንገድ ላይ ይለፍ። በአንተ ገመድ ላይ ውሰደው። ገመዱ ተቆረጠ። መቀሱ ሥራውን ጨርሷል፣ ቦታው ደግሞ ኪስህ ነው። እጅህ ወደ ኪስ የሚሄደው መቀሱን ሊያስቀምጥ ነው፣ ዓይንህ ግን አንድ ተመልካች ላይ ነው፣ አፍህም ጥያቄ እየጠየቀው ነው። እጁ ሲመለስ መቀሱ ብቻ ሳይሆን ሌላም ነገር እዚያ ቀርቷል። ማንም እጅህን አላየም፣ ምክንያቱም

አወያይ
እዚህ ላይ ይብቃ። ይህ ውይይት ለሁሉም ክፍት ነው። ዝግጅት፣ ዕቃ፣ መብራት፣ ልምምድ ይጻፍ፤ የሚሸጥ ወይም የሚሠራበት ትርኢት መፍትሔ ግን አይወጣም። በ1905 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የለንደኑ የማጂክ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ማጂክ ሰርክል፣ ሚስጥር የሚያወጣ አባል ያባርራል፤ እኛ የምናደርገው መልእክቱን ማጥፋት ብቻ ነው።

ባዶእጅ
ተቀብያለሁ። ቀሪውን በውስጥ መስመር።

ቀይመሃረብ
አንድ ሐሳብ ነበር፦ መዝጊያው ላይ በአንድ ቅጽበት ነድዶ የሚጠፋው ወረቀት ቢጨመርስ?

መብራትናድምፅ
አይጨመር። ያ ወረቀት ናይትሮሴሉሎስ ነው። እርጥብ ተደርጎ የሚቀመጠው ሲደርቅ በትንሽ ብልጭታ ስለሚነሣ ነው፤ በአውሮፕላንም አይጫንም። ከኋላህ የዲኮር ጨርቅ፣ ከጎንህ የሙሽራዋ ቬሎ አለ።

ጓንት
ዕቃን በተመለከተ የቹንግ ሊንግ ሱን ነገር ያልሰማ ካለ ይስማ። እውነተኛ ስሙ ዊልያም ሮቢንሰን የሆነ አሜሪካዊ ነበር፣ ቻይናዊ መስሎ የሚሠራ። ማርች 23 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በዉድ ግሪን ኤምፓየር የተተኮሰ ጥይትን የመያዝ ትርኢቱን ሲያቀርብ ጥይቱ የምር ወጣ፣ በማግስቱ ሞተ። ጠመንጃው እሳቱን ወደ ሌላ ቀዳዳ እንዲያሳልፍ የተሠራ ነበር። ከአጠቃቀም ብዛት ውስጡ ተበላ፣ እሳቱ ወደ ዋናው አፈሙዝ ሾለከ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ለአንተ ፕሮግራም ጠመንጃ የለም፣ ግን የቀለበቶቹን ብየዳ፣ የጠረጴዛውን እግር ቡሎን፣ የኪስህን ስፌት ሳምንት ሲቀረው በጣትህ ፈትሽ። ኪስ ሲተረተር ዕቃው የሚገኘው ገበሩ ውስጥ ጉልበትህ ጋ ነው።

ሐሩንም አስታውስ። አዲስ ሐር ማጠንከሪያ ስላለው አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃ እጠበው። ከዚያ ተኩሰህ ጠቅልለው እንጂ አትጠፈው፤ የእጥፋቱ መስመር ከአሥረኛው ረድፍ ይታያል።

ቀይመሃረብ
የተለወጠው እንዲህ ነው፦ ገመድ 3፣ በሰው 3 ከግማሽ በትልቅ ካርታ፣ ቀለበት 2 ከግማሽ፣ መሃረብ 1። ድምሩ 10። የ8ቱ ቀለበት የለውም፣ የ5ቱ ገመድና መሃረብ ነው። የማይክ መቆሚያ አለ ተብሏል። አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ሁሉ ተፈትሾም መቀሱ መድረክ ላይ ባይቆርጥስ? ሁለተኛ መቀስ ኪስ ውስጥ ይያዝ?

የገመድሰው
ኪስ ውስጥ አይሆንም፣ ቅርጹ በሱሪ ላይ ይወጣል፣ ስትጎነበስም ይወጋሃል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከመሃረቡ ሣጥን ኋላ፣ እጀታው ወደ አንተ ዞሮ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ካልቆረጠ ሁለተኛ ንክሻ አትሞክር። መቀሱን ፊተኛው ረድፍ ላይ ላለ ሰው ስጠውና «እስኪ እርስዎ ይሞክሩት» በል። እሱ ሲታገል አዳራሹ ይስቃል፣ አንተ ሁለተኛውን ታነሣለህ። ይህችንም ከ60ዎቹ ቁረጣዎች ቢያንስ አምስቱ ላይ፣ ሆን ብለህ በደነዘ መቀስ ጀምረህ ተለማመዳት።